በቀርሳሜ ሐይቅ ዳር የተቆጠሩት

እስቲ ልጠይቅህ፤ ወፍ ሲቆጠር ቆመህ አይተህ ታውቃለህ? አላየህም። ቁጥሩን ግን ሰምተሃል። በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ «በቀርሳሜ ሐይቅ የፍላሚንጎ ቁጥር ጨምሯል» ሲባል ሬዲዮህ አጠገብ ተቀምጠህ ራስህን ነቅንቀሃል። ወፉ ካለ ሐይቁ ጤነኛ ነው፣ ሐይቁ ጤነኛ ከሆነ ውሃውን የሚስበው ፓምፕ ይቀጥል ሲሉህም ነቅንቀሃል። ማን ቆጠረው፣ የት ቆሞ ቆጠረው ብለህ አልጠየቅህም። አንተ ስላልጠየቅህ አስካለ ሄደች።

አስካለ ወልደሰማያት ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። በሐይቁ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አሥራ አራት ዓመት ወፍ ቆጥራለች። የምትቆጥርበትን መንገድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰልችቷቸውም ያውቁታል። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ኖራ የተቀቡ አምስት ትልልቅ ድንጋዮች አሉ። ቆጣሪው ከየድንጋዩ አጠገብ ካሜራውን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ያስቀምጥና ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ፎቶ የሌላውን ጫፍ እየነካ፣ ዳርቻውን በሙሉ ያነሳል። ከዚያ ቢሮ ተመልሶ ፎቶዎቹ ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን እያሰመረ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ደንቡ አንድ ነው፤ ከድንጋዩ ማንም አያልፍም። ቀርበኸው የበረገገ ፍላሚንጎ ያጠራቀመውን ጉልበት በከንቱ ያባክናልና፣ ሰው ከመንጋው ሦስት መቶ እርምጃ ይራቅ ተብሎ ነበር ድንጋዮቹ የተተከሉት። ሐይቁ በየዓመቱ ሲሸሽ ግን ድንጋዮቹ ባሉበት ቀሩ። ሦስት መቶው እርምጃ አምስት መቶ፣ ከዚያም ስምንት መቶ ሆነ። ወፎቹ እንዳይረበሹ በሚል ጨዋነት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አንድንም ወፍ በቅርብ ሳያይ ቆጠረ። ይህን ጨዋነት ማን ነው ሥራ ብሎ የሰየመው?

አምና ቆጠራውን ያካሄደው ልሳነወርቅ ነበር፤ ሙያውን ከአስካለ የተማረ፣ አብሯት አሥራ አንድ ዓመት የሠራ፣ ዝምተኛ ሰው። መኪናው ሦስተኛው ድንጋይ ዘንድ ተበላሽታበት ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ። በማግሥቱ ያስረከበው ቅጽ ላይ በየአምዱ ዜሮ ተጽፎ ነበር። የራሱ ካሜራ ያነሳቸው ፎቶዎች ላይ ግን ከስድስት ሺህ በላይ ፍላሚንጎ ቆሟል። ስብሰባ ተጠራ። አስካለ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ኃላፊውና ሃያ ሠራተኛ እየሰሙ፣ «ይህ ሰው ወይ አላየም ወይ ዋሽቷል» አለች። ልሳነወርቅ አልተከራከረም። ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ «እትዬ አስካለ፣ አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ይዩዋቸው» አላት፤ ወጣ። ተባረረ። ስሙ በየቢሮው መቀለጃ ሆነ። ኅዳር ላይ ብቻውን ወደ ሐይቁ ሄዶ አልተመለሰም። ፖሊስ አንድ ሳምንት ፈለገውና ተወው።

ከዚያ ወዲህ እናቱ እማማ ሙላቷ በየዓርቡ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አስካለን ይጠብቃሉ። አያለቅሱም፤ አይሳደቡም። «ልጄ፣ ልሳነወርቅ ዋሽቶ ነበር?» ይሏታል። አስካለ አዎ ትላለች። መጀመሪያ በሙሉ ድምፅ አለች፤ ቀጥሎ ቀስ ብላ፤ ባለፈው ዓርብ ግን ራሷን ብቻ ነቀነቀች፣ እሱም አንገቷን አመማት። ስለዚህ ዘንድሮ ቆጠራውን ራሷ ጠይቃ ወሰደችው። ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለች። ወፎቹ ካሉ እውነት ተናግራለች። ከሌሉ ደግሞ አንድን ሰው በሃያ ሰው ፊት ገድላለች፤ ለእናቱም ይህንኑ መንገር አለባት።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጽሕፈት ቤቱን ፒክአፕ ራሷ እየነዳች ሦስተኛው ድንጋይ ደረሰች። የሐይቁ ጠባቂ ስካውት ኦቦ ቱፋ፣ አሮጌ የወታደር ካፖርቱን ደርቦ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ዘንድሮም መጣሽ?» አላት።

«ምነው፣ እንድቀር ፈልገው ነበር?»

«እኔ ምን ቸገረኝ። አንቺ ስትመጪ ሻይ ትይዣለሽ። ሌላው ባዶ እጁን መጥቶ፣ ኦቦ ቱፋ ማገዶ የለም ወይ ይላል።»

ሳቀችና ፔርሙሱን ሰጠችው። ካሜራዋን ስታቆም ፀሐይ ከጀርባዋ ብቅ አለች፤ ሐይቁ ሲሸሽ ከተወው ነጭ የሶዳ ጨው ሜዳ ማዶ ሐይቁ በቀጭኑ ሲያበራ፣ በውሃውና በሜዳው መሀል ያለው ረጅም ሐመር መስመር ቀስ እያለ ቀላ፤ ሮዝ ሆነ፤ ከዚያም በየቦታው አንገት አንገት እየሆነ ተፈታ። ፍላሚንጎዎች ነበሩ። በሺህ የሚቆጠሩ። አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ፣ ቀና ያደርጋሉ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ይራመዳሉ፣ ጥላቸውም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውሃው፣ ረዝሞ ተዘርግቷል። አስካለ ከኅዳር ወዲህ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲነሳላት ተሰማት። ሠላሳ ስድስት ፎቶ አነሳች። ሁሉም ወፎች ግራ ጎናቸውን ሰጥተዋታል፤ ነፋሱ ከደቡብ ነው፣ ወፍ ደግሞ ፊቱን ለነፋስ ይሰጣል። ይህን ለተማሪዎቿ ሁሌ ታስተምር ነበር።

«አሉልህ፣ ልሳነወርቅ» አለች ለራሷ። ስሙን በመጥራቷ ግን ደስ አላላትም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ከሶዳው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስካለ ቁርሷን ለመብላት ዳቦዋን አወጣች፤ እየበላች ሳለ አፏ ቆመ። ዳቦው ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ፍላሚንጎ በዋለበት ሐይቅ ዳር ቁርስ የሚበላ ሰው የምግቡን ሽታ አያገኝም፤ የኩሱና የበሰበሰው ላባ፣ የሙቅ ጭቃውና ውሃው ላይ የሞተው አረንጓዴ ዋቅላሚ ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ልብስ ላይ ሳምንት ይከርማል። ነፋሱን ለማግኘት ተነስታ ቆመች። አየሩ እንደታጠበ ጠርሙስ ነበር።

ያኔ ነው ድምፁን ማዳመጥ የጀመረችው። መንጋው ያጉረመርማል፤ ከሩቅ ሲሰሙት ብዙ ሰው በዝግ ክፍል ውስጥ የሚያወራ የሚመስለው ያ የታወቀ የፍላሚንጎ ጉርምርምታ ነው። ሦስት ጊዜ እንደ ዝይ የሚጮህ አለ፤ ከዚያ አንድ ጎርናና ሳል የመሰለ፤ ከዚያ ለአፍታ ጸጥታ፤ ከዚያ ክንፍ እንደማራገፍ ያለ ነገር። ቀጥሎ ሦስት ጩኸት። ቀጥሎ ሳሉ። ቀጥሎ ጸጥታ፤ ቀጥሎ ክንፉ። ሰዓቷን አይታ ቆጠረች። ከሩብ ሰዓት በኋላም አልተለወጠም፤ ሳሉ በቦታው፣ ጸጥታውም በልኩ ይመጣል።

«ኦቦ ቱፋ፣ ይህ ድምፅ ሁሌ እንዲህ ነው?»

«የትኛው ድምፅ?»

«የወፎቹ ነዋ።»

ኦቦ ቱፋ ሻዩን ጨለጠና ኩባያውን አራገፈ። ወደ ሐይቁ አልዞረም። «ከብቶቼ እዚህ ውሃ መጠጣት የተዉ ስድስት ዓመታቸው ነው» አላት።

«እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ወፍ ነው።»

«አውቃለሁ። እናንተ የምትጠይቁት ስለ ወፍ ብቻ ነው።»

አምስት ሰዓት ገደማ አሣ አዳኝ ንስር ከሰሜን በኩል ዝቅ ብሎ መጣ። አስካለ ካሜራዋን ይዛ ጠበቀች፤ ንስር ሲያልፍባቸው ፍላሚንጎዎች እንደ አንድ ጨርቅ ነው የሚነሱት፣ ሰማዩም ቀይና ጥቁር ይሆናል፤ ለዚያ ፎቶ ሰዎች ውቅያኖስ አቋርጠው ይመጣሉ። ንስሩ መንጋው ጫፍ ላይ ሲደርስ ክንፉ ተንገዳገደ። ግድግዳ እንደገጠመው ሆኖ በአየር ላይ ቆመ፣ ተገለበጠ፣ ወደ መጣበት እየጮኸ ተመለሰ። ከስድስት ሺዎቹ ውስጥ ንስሩን ለማየት አንገቱን ያነሳ አልነበረም። ደፋ፣ ቀና፣ አንድ ሁለት እርምጃ።

ስድስት ሰዓት ላይ ነፋሱ ዞረ። በዚያ ሸለቆ ዘወትር እኩለ ቀን ላይ ይዞራል፤ የአስካለ የአንገት ልብስ ወደ ደቡብ መንሳፈፍ ጀመረ። ሐይቁ መሀል ያሉት ጥቂት ፔሊካኖች ወዲያው ተከትለው ፊታቸውን አዞሩ። ፍላሚንጎዎቹ አልዞሩም። ነፋሱ ከጀርባቸው እየገፋቸው ላባቸው እንኳ አልተነሳም።

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ድረስ አስካለ ጠበቀች። ስትጠብቅ የነበረው ምን እንደሆነ ለራሷ አልነገረችም፤ ሰው የምርመራ ውጤት ሲጠብቅ እንደሚያደርገው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ፀሐይ በአናቷ ላይ አልፋ ወደ ሐይቁ ማዶ ተጠጋች። የኦቦ ቱፋ ጥላ ወደ ምሥራቅ ወጣ፤ የድንጋዩም፤ የካሜራው ማቆሚያም። አስካለ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አቀረበችና ወፎቹን አየች። ጥላቸው ጠዋት በነበረበት ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውሃው፣ ወደ ፀሐይዋ ተዘርግቷል።

ከሌንሱ ዓይኗን አነሳች። ጠዋት ያነሳችውን የመጀመሪያ ፎቶ አውጥታ አሁን ካነሳችው ጋር በካሜራው መስኮት ላይ እያለዋወጠች አስተያየች፤ ወፎቹ ቦታ ቀያይረዋል፣ ጥላው ግን በርዝመትም በአቅጣጫም አንድ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ይዩዋቸው። ልሳነወርቅ ያየው ይህንን ነበር፤ ይህንን አይቶ ደግሞ ለሃያ ሰው በምን ቃል ይናገር? አንድ የሚያምነው ሰው ያስፈልገው ነበር። ያ ሰው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ፎቶ ዘርግቶ ነበር።

«ለምን አልነገሩንም?» አለች።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ኦቦ ቱፋ። «ለእሱ ነገርኩት። አንቺ ደግሞ እሱን ውሸታም አልሽው።»

ቅጹን አውጥታ ድንጋዩ ላይ ዘረጋችው። በየአምዱ ዜሮ ጻፈች። ከታች፣ ለማብራሪያ በተተወው ቦታ ላይ፣ «ልሳነወርቅ አልዋሸም። አምና በስብሰባው ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ። በቀርሳሜ ሐይቅ ዳር አንድም ፍላሚንጎ የለም» ብላ ጽፋ ፈረመች። ኦቦ ቱፋ ምስክር ሆኖ በእስክሪብቶ ቀለም አውራ ጣቱን አተመ። አስካለ ወረቀቱን አጥፋ ልትይዘው ስትል ግን ለእሱ ሰጠችው።

«እኔ በሆነ ነገር ብዘገይ ዓርብ ዕለት ለእማማ ሙላቷ ይስጡልኝ።»

«ለምን ትዘገያለሽ? መኪናሽ አለ። አሁኑኑ ሂጂ።»

ልትሄድ ነበር። እውነቷን ነው፤ ካሜራውን ለመንቀል ጎንበስ ብላ ነበር። ነገር ግን የአሥራ አራት ዓመት ልማድ ነውና፣ ከመንቀሏ በፊት በሌንሱ ለመጨረሻ ጊዜ ዳርቻውን ከግራ ወደ ቀኝ ጠረገችው፤ ከመንጋው መሀል፣ በቀያይ እግሮች ጫካ ውስጥ፣ አረንጓዴ ጃኬት አየች። ጽሕፈት ቤቱ ለቆጣሪዎች የሚሰጠው ጃኬት ነው። በግራ ትከሻው ላይ የተጣፈውን ጥቁር ጨርቅ የሰፋችው ራሷ ነበረች።

«ኦቦ ቱፋ፣ እዚያ ሰው አለ። ልሳነወርቅ ነው።»

ኦቦ ቱፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐይቁ ዞረ፤ በሌንሱ ረጅም ጊዜ አየ። «ጃኬቱ የሱ ነው» አላት። ሰውየው እሱ ነው አላላትም።

«አብረን እናምጣው።»

«እኔ ከድንጋዩ አላልፍም። አንቺም አታልፊም። ደንቡ የናንተ አይደል እንዴ?»

«እናቱ በየዓርቡ እዚያ አግዳሚ ላይ ናቸው» አለች አስካለ። ከዚያም ደንቡን ራሷ ለሌሎች ስታስተምር እንዳልነበረች ሁሉ ኖራ የተቀባውን ድንጋይ አለፈችው።

ሶዳው ከጫማዋ ሥር እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ድምፁ በሜዳው ላይ ይሄዳል። በስምንት መቶ እርምጃ ውስጥ አንድ ላባ አላገኘችም። ኩስ የለም፤ የወፍ እግር ዱካ የለም፤ የእንቁላል ስባሪ የለም። አንድ ዱካ ብቻ አለ፤ የሰው ቦት ጫማ፣ ወደ ሐይቁ የሚሄድ፣ ጠርዙ ጠጥሮ የከረመ። የሚመለስ ዱካ ፈለገች። አልነበረም።

መቶ እርምጃ ሲቀራት ቀጥታ መሄዱን ፈርታ ወደ ደቡብ ዞር ብላ መጣች፤ ወፎቹ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ነበር ያዞሩት፣ ስለዚህ ከፊት ለፊት ልታያቸው ነው። አላየችም። ከዚያም በኩል ሁሉም ግራ ጎናቸውን ሰጥተዋት ቆመው ነበር። እሷ ስትራመድ ሲዞሩ አላየቻቸውም። ወደ ሰሜን ተመለሰች፣ ግማሽ ክብ ሠራች፤ ግራ ጎን፣ ግራ ክንፍ፣ አንድ ግራ ዓይን፤ ስድስት ሺህ ጊዜ። ሐይቁን ከየትም ብትመጣበት የሚጠብቃት ያው ነው። ስድስት ዓመት የተነሱትን ፎቶዎች በአእምሮዋ ገለበጠች፤ በአንዱም ላይ የአንድ ወፍ የቀኝ ጎን ቆጥራ አታውቅም። በዚያ በኩል ምን እንዳላቸው ማንም አላየም። ወፍ መምሰል ያስፈለጋቸው በድንጋዮቹ በኩል ብቻ ነበር።

ልሳነወርቅ ከፊቷ በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። ግራ ጆሮው፤ ግራ ትከሻው፤ ጥቁሩ ጣፊ ጨርቅ። አንገቱን ደፋ ያደርጋል፣ ቀና ያደርጋል፣ አንድ ሁለት እርምጃ ይራመዳል። ጥላው ወደ ፀሐይዋ ተዘርግቷል።

«ልሳነወርቅ» አለችው። «እኔ ነኝ። ጽፌዋለሁ። እንዳልዋሸህ ጽፌዋለሁ።»

ጉርምርምታው በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ስድስት ሺህ አንገት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሰማችው የራሷን ትንፋሽና ከወፎቹ ማዶ የሚመጣ፣ እርጥብ ነገር ከእርጥብ ነገር ላይ ቀስ ብሎ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ነበር። ልሳነወርቅ ወደ እሷ መዞር ጀመረ፤ በግራ በኩል ሳይሆን በሌላኛው። አስካለ ዓይኗን አልጨፈነችም። ወፍ ቆጣሪ ናት፤ ሥራዋ ማየት ነው።

ኦቦ ቱፋ ከድንጋዩ ሳያልፍ ጠበቃት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉርምርምታው እንደገና ሲጀምር ሰማ። ጥቂት ቆይታ አስካለ ዳርቻውን ይዛ ብቻዋን መጣች። ጫማዋ ላይ ሶዳ አልነበረበትም። ሻይ ቀረ ቢላት አልመለሰችለትም። ካሜራዋን ጭና፣ በመኪናው በስተኋላ ዞራ ገብታ፣ ሞተሩን አስነሳች፤ መሪው በግራ ነውና በመስኮቱ ያየው ግራ ጉንጯን ብቻ ነበር። ወረቀቱን ይመልሱልኝ አላለችውም። በዚህ ነው ነገሩ የገባው።

ዓርብ ዕለት ኦቦ ቱፋ ወረቀቱን ለእማማ ሙላቷ አደረሰ። እማማ ሙላቷ በሌላ ሰው አስነበቡት፤ ይዘውት ወደ ኃላፊው ገቡ። ኃላፊው ፊርማው የተጭበረበረ ነው አለ። ወይዘሮ አስካለ በጤና ተመልሰው ሥራ ላይ ናቸው አለ፤ የቆጠራው ክፍል ኃላፊም ተደርገው ተሹመዋል አለ። በዚያው ሳምንት ሬዲዮ ላይ የዘንድሮው ቁጥር ተነገረ፤ አምና ከፎቶው ላይ ከተቆጠረው በሁለት ብቻ ይበልጣል። ፓምፑም ቀጥሏል። እማማ ሙላቷ ግን ሦስት ጊዜ ወደ አስካለ ቢሮ ሄደው፣ አንዴ በበሩ በኩል፣ አንዴ በመስኮቱ፣ አንዴም ጠረጴዛውን ዞረው፣ ያንኑ ጥያቄ ጠይቀዋታል፤ እሷም ሦስቱንም ጊዜ አንገቷን ደፋ ቀና አድርጋ አዎ ብላቸዋለች።

ስለዚህ ኃላፊው ተጨማሪ መግለጫ አያውጣልን፤ የተጭበረበረ ነው የሚል ማኅተምም አይምታልን። ሕዝብ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ይውጣና አንድ ነገር በአደባባይ ይመልስ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የወይዘሮ አስካለን የቀኝ ፊት ያየ አንድ ሰው ካለ፣ ስሙን ይጥራልን።